የዋካው ጉቶ

ባለፈው ቅዳሜ ከአባቴ ጋር፣ አሁን በምንኖርበት ባዕድ አገር፣ አስኮት ቬል የሚባል ሰፈር ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባን። መደርደሪያው ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ሰው ቆሟል፤ የተለጠፈበት ወረቀት "የቾክዌ ሕዝብ የአባቶች ምስል፣ አንጎላ" ይላል። ሳነሳው የአሮጌ እንጨትና የአፈር ሽታው ሳላስበው ኮንሶ አደረሰኝ።

ልጅ ሳለሁ የቅድመ አያቴ ዋካ፣ መቃብራቸው ላይ የቆመላቸው የእንጨት ምስል፣ አንድ ማለዳ ጠፍቶ ተገኘ። የቀረው መሬት ውስጥ የተተከለው ጉቶ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ጌታን የተቀበለው አባቴ፣ "ምስጥ በልቶት ነው" አለ። አያቴ ተንበርክከው ጉቶውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ምስጥ መጋዝ የለውም" አሉ። "ደግሞ ባዕድ ቢመጣ ውሻችን ይጮህ ነበር።"

ይህን ሲሉ አባቴን ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ግን አየሁት፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ሱቁ ውስጥ ምስሉን ገልብጬ እግሩን አየሁ። በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። አባቴን ምንም አልጠየቅሁትም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄውም አላውቅም። እሱ ግን ከኋላዬ ቆሞ፣

"ምስጥ ነው" አለኝ። "ቦታው መልሰው።"