እናቴ ያሳቀፈቻት ዶሮ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ሳሎኑ ውስጥ ዶሮ አሳቅፎ አያውቅም። እኔማ ያየሁትን አይቻለሁ።

ዶሮዋ የመጣችው ለመታረድ ነበር። የአባቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ፣ በሁዳዴ መግቢያ፣ እናቴ ከአረርቲ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ስትመጣ ገብስማ ዶሮ በዘንቢል ይዛ ከአውቶብስ ወረደች። «ለፋሲካ ናት» አለች ገና ሳትስመኝ። «እኔም በዓሉን ውዬ በማግስቱ እሄዳለሁ።» ፋሲካ ሁለት ወር ገደማ ይቀረው ነበር። ይህንንም ያለችው ለእኔ ሳይሆን ዘንቢሉን ሊቀበላት ለቆመው ለባሌ ነው።

እናቴ በአማች ቤት መክረም ነውር ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ባሌ ከሥራ ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። «ኧረ በእግዜር ይቀመጡ፣ እማማ» ይላታል፤ እሱ እስኪወጣ አትቀመጥም። ገበታ ሲቀርብ አንድ ሁለቴ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች። እሷ ካልበላች እሱም አፍሮ እጁን ይሰበስባል። ሁለቱ ተፋፍረው ሲነሱ እኔ ከወጡ ጋር ተፋጥጬ እቀራለሁ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እንድትቀር። አረርቲ ያለው ቤት ባዶ ነው፤ ወንድሞቼም በየፊናቸው ተበታትነዋል። ብቻዋን በር ስትዘጋ እየታየኝ እጨነቃለሁ። «እኔ ጋ ሁኚ» ስላት ግን «ቤት የሌለኝ አደረግሽኝ?» ብላ ትቆጣለች። ባሌን «አንተ ለምናት» ስለው፣ «ቀና ብዬ ዓይናቸውን እንኳ አላይ፣ ምን ብዬ?» ይለኛል።

ዶሮዋ ጾሙን ሙሉ ስትጥል ከረመች። የሚበላው ስለሌለ እንቁላሉን ለበዓል ብዬ አጠራቀምኩ። ፋሲካ ሊደርስ ሲል መጣሏን ትታ ከሶፋው ኋላ ካለው የቴሌቪዥን ካርቶን ገባችና ላባዋን ነፍታ ተቀመጠች። ላነሳት ስል እጄን ነቆረችኝ።

የእናቴ ፊት በራ። «ታቅፋለች! የታቀፈች ዶሮ አትታረድም፣ ግፍ ነው» አለችና የበዓል እንቁላሌን በሙሉ ጭድ ላይ ደረደረችላት። መብረቅ እንዳይመታው ደግሞ ከጭዱ ሥር ከሰልና ምስማር ከተተች። «እሺ፣ ማድቤት ትሁን» ብላት፣ «የእናንተ አገር ብርድ እንኳን ለእንቁላል ለሰውም አይሆን» አለችኝ። የፋሲካን ዶሮ ከገበያ ገዛን። እናቴም «እንግዲህ ጫጩቶቹን ካየሁ በማግስቱ እሄዳለሁ» አለች፣ አሁንም ለባሌ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የዶሮዋ ሆነ። ካላነሷት አትበላም፤ ሲያነሷት ትነቁራለች፤ ከተነሳች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን በአንድ ጊዜ ምንጣፌ ላይ ትለቀዋለች። ሽታውን የማያውቅ አይፍረድብኝ። እንግዳ ሲመጣ እጣን አጨሳለሁ፣ እንግዳው ያስነጥሳል፣ ዶሮዋ ትደነግጣለች፣ እናቴ በዓይኗ ትገርፈኛለች። ጩኸት ለእንቁላሉ አይበጅም ስለተባለ ባሌ ኳስ የሚያየው ድምፅ አጥፍቶ ነው። ጎል ሲገባ አፉን በእጁ ይይዛል።

ሦስት ሳምንቱ ሞላ። ምንም የለም። እንዲያውም አንዱ እንቁላል ፈነዳና ከቤት አስወጣን። ጾሙን ሙሉ ሳህን ላይ የከረመ እንቁላል ምን ነፍስ ይኖረዋል! «አሁንስ በቃኝ! እንቁላሉም ይጣል፣ እሷም ትታረድ!» አልኩ። እናቴ ጭዱን እያስተካከለች፣ «ተይ እንጂ ልጄ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል...» ስትል በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ከዚያም በኋላ ዶሮዋ ንቅንቅ አላለችም። ሥጋዋ አልቆ ላባ ብቻ ቀረች። ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ከቧንቧው ላይ ውኃ ስቀዳ፣ ከአጥር ወዲያ ዶሮ የምታረባው የመዘዞ አገር ሴት ጎረቤቴ፣ «እንቁላሎቼ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«የምን እንቁላል?»

«እናትሽ የወሰዱት ነዋ! አንቺ ቢሮ ሳለሽ መጥተው፣ የኛው ገልሞብናል፣ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ስጪኝ ብለው በነጠላቸው ቋጥረው ወሰዱ። አትንገሪያት ብለውኝ ነበር፤ አፌ አያርፍ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «'ያለ ሰበብ አማች ቤት መቀመጥ ከበደኝ፤ እዚያ ደግሞ ቤቱ ጭር ብሎብኛል' ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለምናት እንቢ ብላኝ፣ እሷ በዶሮ ሰበብ ልትቀመጥ እኔ ሽታ ታግሼ! ቀጥሎ አለቀስኩ። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ጎረቤቴ ናት ቧንቧውን የዘጋችው። ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሰማኝና ወደ ድምፅ አልባው ኳሱ ተመለሰ። በእሱም ተናደድኩ።

በሳምንቱ ከካርቶኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ተሰማ። እናቴ እልል አለች። በነጋታው፣ ቅዳሜ፣ ስነሳ ጓዟ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው?»

«ብዬ የለ? ቃል ቃል ነው።» ዓይኗ ግን ጫጩቶቹ ላይ ነበር።

ሁሉን አውቃለሁ ብላት በሃፍረት ዳግመኛ ቤቴን እንደማትረግጥ አውቃለሁ። የምለው ሲጠፋኝ አንድ እግር ጫማዋን አልጋ ሥር ደበቅኩ። እሷ ጫማ ትፈልጋለች፣ እኔም አብሬያት የምፈልግ እመስላለሁ። ባሌ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሳይናገር ወጥቶ ጠፍቷል።

በሩ ተከፈተ። ባሌ ብብቱ ሥር ቀይ ዶሮ ሸጉጦ ገባ። እናቴ ባንድ እግሯ ጫማ እንደቆመች ቀረች። እሱም እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣

«እማማ» አለ፣ «ልጅዎ ዶሮ ማሳቀፍ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ይቺንም እርስዎ ያሳቅፉልን። እሷ ስትጨርስ ሌላ አመጣለሁ።»

እናቴ ዶሮዋን አየች። እሱን አየች። ከዚያ፣ እሱ ፊቷ ቆሞ ሳለ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ካርቶን ፈልጊ እንጂ» አለችኝ፤ «ምን ያስለቅስሻል?»