ለእንግዶች የተሞላው ሮቶ

በዘጋቢነት ሥራዬ ብዙ የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ዜናው ተነቦ ሳያልቅ ረስቼዋለሁ። ይኼኛውን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይኮማተራል።

የተጀመረው ደሴ ነው። አንድ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጥምረት የሚሰጠው የጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ አዲስ ተማሪዎቹን የሚቀበልበት ጠዋት ነበር። አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ ተማሪዎቹ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ከየወረዳው የመጡ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። የፊት ረድፎቹ ላይ "ለክቡራን እንግዶች" የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ አቀባበል የሚደረግላቸው ሰዎች አቀባበሉን የሚያዩት በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ነው። መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አንዱ ተናጋሪ ጠርሙሱን ከፍቶ ከንፈሩን ያረጥብና ይተወዋል፤ ተከታዩ ሌላ ይከፍታል። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ስለ ጤና ፍትሐዊነት ረጅም ንግግር አደረገ። እኔም እንደ ልማዴ ቀረጽኩ፣ ጻፍኩ።

ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹና እንግዶቹ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲጎበኙ በአውቶቡስ ተጫንን። ከጎኔ የተቀመጠችው ከአዲሶቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች፤ የምንሄድበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምርና ሙቀቱ ሲመጣ ጃኬቷን አወለቀች፤ ከኪሱም በፋሻ ቁራጭ የታሰረ ቁልፍ አወጣች።

"የቤትሽ ነው?" አልኳት፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

"የቧንቧው ነው።"

"ቧንቧ ይቆለፋል እንዴ?"

"የእኛ ይቆለፋል።" ወደ ፊት ወንበሮች አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "መስመሩ ከደረቀ ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ቦቴ መጥቶ ጓሮ ያለውን ትንሹን ሮቶ ሞልቶታል። እንግዶቹ ሲገቡ እኔ ከፍቼ እጄን እታጠባለሁ፣ እርስዎ ይቀርጹኛል፣ ከዚያ እቆልፋለሁ።"

"የተረፈውስ?"

"ለሚቀጥለው ጉብኝት ይቀመጣል።"

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም።

ጉዳዩ ይኼ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ቢቀበላትም የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገና ከሥራ አልለቀቃትም። እሱ ካልፈቀደ ሰኞ ክፍል መግባት አትችልም። ሁለት ዓመት አመልክታ ሳይሳካላት ቀርቶ በሦስተኛው ያገኘችው ዕድል ነው። ስትጠይቀው "የዛሬውን እንይና" ብሏታል። የዛሬው ማለት ቧንቧው ነው።

ጤና ጣቢያው ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀን። ቀለሙ ይሸታል፤ ወደ ማዋለጃው ስንጠጋ ግን ሌላ ሽታ አሸነፈው። በረኪና የተደፋበት ደም ነው። ጥግ ላይ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ባልዲ አለ፤ ዝንቦቹ መግቢያውን አግኝተውታል። ኃላፊው ጀርባውን ለባልዲው ሰጥቶ ቆመና ስለ ንጽሕና ማስረዳት ጀመረ። ጦርነት አይቻለሁ፤ ሬሳም ዘግቤአለሁ። እንደዚያ ቀን የተጸየፍኩበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም፤ ያጸየፈኝም ሽታው ብቻ አልነበረም።

በረንዳው ላይ ሌሊቱን ልጃቸው የወለደችላቸው አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ደጋን ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ነው የመጡት። በደም የራሰውን አንሶላና ቀሚስ በሌላ ጨርቅ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል፤ የሚያጥቡበት ውሃ የለማ።

ቀረጻው እንደታቀደው ሄደ። አዋላጇ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቁልፉን ከፈተች፣ ውሃው ወረደ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ተጨበጨበ። ለእጅ መታጠብ ሲጨበጨብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ከእንግዶቹ አንዷ፣ ከውጭው ዩኒቨርሲቲ የመጣች መምህርት፣ በር ላይ ስልክ ስታናግር ቧንቧው ሲከፈት እንዳመለጣት ታወቀ።

"ሻይ ይጠጡና እሷ ባለችበት ይደገማል" አለ አስተባባሪው።

እንግዶቹ ወደ ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ከኋላ ቀርቶ "ሲስተር፣ ቆልፊው" አለ።

ከደጋን የመጡት እናት ጥቅላቸውን አቅፈው ተነሥተው ነበር። "ልጄ፣ ውሃ መጣ እንዴ?"

"እማማ፣ ይኼ ለእንግዳ ነው" አላቸው ኃላፊው።

"እኛ ታዲያ የቤቱ ባለቤቶች ነን? ወላሂ፣ ትናንት ማታ በባጃጅ ነው የመጣን።"

ኃላፊው ወደ አዋላጇ ጠጋ ብሎ፣ እኔ መቆሜን እያየ፣ "የሰኞውን አስቢ" አለና ሻዩን ተከትሎ ሄደ።

እሷ የተከፈተውን ቁልፍ እንደያዘች ቆመች። አንዴ ወደ ቢሮው፣ አንዴ ወደ ጥቅሉ አየች። ከዚያ ቁልፉን ከነመክፈቻው ጋዋኗ ኪስ ከተተችው።

"ቶሎ ይበሉ፣ እማማ" አለች።

ውሃ መጣ የሚባል ወሬ በዚህ አገር እግር አይጠብቅም። ሴትየዋ ከበረንዳው ያነሡትን ሳፋ ሳይሞሉ ከየክፍሉ አስታማሚዎች ወጡ፤ ጀሪካን የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የያዘ።

"ማነው ያስለቀቀው?"

"ካሜራው ነው አሉ።"

"ታዲያ ካሜራው እኛ ቤት ለምን አይመጣም?"

"አንቺ ምኑን ያሳዩብሻል? ቅጂ ዝም ብለሽ።"

"ሲስተር፣ አላህ ይወፍቅሽ።"

"እመብርሃን ትክፈልሽ፣ ልጄ።"

አዋላጇ ምርቃቱን አልሰማችውም። ማዋለጃ ክፍል ገብታ ያንን ባልዲ አውጥታ ደፋችው፤ አጥባ፣ ሞልታ መለሰችው። ከዚያ መሣሪያ መዘፍዘፊያውን አመጣች። እኔ ካሜራዬን አልዘጋሁም።

እንግዶቹ አፋቸውን በሶፍት እየጠረጉ ሲወጡ ሰልፉ ተበትኗል፤ በረንዳው ግን ርሷል። የውጭዋ መምህርት እጅጌዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች። ቧንቧው ሳል እንደያዘው ሰው ሁለቴ አየር ተፋ፤ ትንሽ ዝገት የመሰለ ጠብታ ወረደና ቆመ።

"ጥገና ላይ ስለሆነ ነው" ብሎ አስተባባሪው በእንግሊዝኛ አስረዳት።

"ጥገና አይደለም" አለች አዋላጇ፣ እሷም በእንግሊዝኛ። "ውሃው በቦቴ የመጣ ነው። አሁን አስታማሚዎቹ ቀድተውት አልቋል።"

መምህርቷ አዋላጇን አየቻት፣ ቧንቧውን አየችው፣ የኃላፊውን የቀላ ፊት አየችው። አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች ብዬ ካሜራዬን አስጠጋሁ። ከቦርሳዋ ሳኒታይዘር አወጣች፣ እጇን አሸት አሸት አደረገች፣ ፈገግ ብላ "ቀጣዩ ክፍል የትኛው ነው?" አለች። ከቀለሙም፣ ከባልዲውም፣ ከጭብጨባውም በላይ ያ ፈገግታ አስጠላኝ። ተማሪዎቹም ተከትለዋት ገቡ።

ማታ ደሴ ተመልሼ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ ጻፍኩት። አለቃዬ አነበበና ከጭብጨባው በታች ያለውን ሁሉ ቆረጠው። "ዜናው ፕሮግራሙ ነው፤ ውሃው አይደለም" አለኝ። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። የተላለፈው ዜና ላይ አዋላጇ ትታጠባለች፣ ውሃው ይወርዳል፣ ይጨበጨባል።

ሰኞ ጠዋት የአዲሶቹ ተማሪዎች ክፍል ደጃፍ ሄድኩ። አዋላጇ ትቀራለች ብዬ ነበር። ደብተሯን አቅፋ ስትመጣ አየኋት።

"ለቀቀሽ?"

"በደስታ ነው የለቀቀኝ። 'ሂጂልኝ፣ እኔም ሰላም ላግኝ' ነው ያለኝ።"

እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷ ግን የሚባልበት ፊት አልነበረም።

"ቁልፉስ?"

"ለጥበቃው ሰጠው። ጥበቃው ያለ ኃላፊው ትእዛዝ አይከፍትም።"

"ሮቶው ግን ባዶ ነው አይደል?"

"የለም። ቅዳሜ ሞልተውታል" አለች። "ሌላ እንግዳ አለባቸው።"

መምህሩ ከውስጥ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ ፈጠን ብላ ገባች።