በጠብታ ውሃ ውስጥ የምትመታ ልብ

ከሮብ ገበያ ዳር በተከራየሁበት ግቢ፣ ከአፕል ችግኞቹ አጠገብ፣ አልጋ የሚያህል ኩሬ አለ። አከራዬ፣ እማማ የምላቸው አሮጊት፣ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ያጠራቅሙበታል። በበጋ ችግኞቹም ላማቸውም የሚጠጡት ከዚያ ነው። ዘንድሮ ላሚቱ አርግዛ ከብዳ ነበር።

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማን ባልዲ ይዘው ኩሬው ዳር አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ነይ እስቲ እይው! ይርመሰመሳል። አልቅት ነው የሚሆን።»

አልቅት ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከብት ስትጠጣ በአፍንጫዋ ወይም በአፏ ገብቶ ደሟን የሚመጥ ትል ነው። በእኛ አካባቢ የሚያስወጡት ላሚቱን አስረው፣ የትምባሆ ውሃ በአፍንጫዋ አፍስሰው ነው። ለከበደች ላም ይህ ትግል ያስፈራል። እማማም ቆርጠዋል፤ ኩሬው ይደፋል፣ ወለሉም በአመድ ይታሻል።

«ነገ ሰንበት ነው፤ ዛሬውኑ ነው የሚደፋ» አሉ።

እኔ ደግሞ ሰኞ ለተማሪዎቼ ጥቃቅን ሕያዋንን የማሳየው በዚሁ ውሃ ነበር። ለዝግጅት ብዬ የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አስፈቅጄ ይዣለሁ።

«ከመድፋትዎ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት።»

«አልቅት በመነጽር ሲያዩት በግ ይሆናል?»

ቢሆንም ባልዲውን አስቀመጡ። ማይክሮስኮፑን በርጩማ ላይ አድርጌ መስተዋቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ፤ መብራት የለውም፣ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማይ ነው። ከኩሬው ውሃ ጠብታ አኑሬ መጀመሪያ እኔ አየሁ።

ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ፍጡር ናት። ገላዋ እንደ ብርጭቆ ያሳያል። ዓይኗ አንድ ጥቁር ነጥብ ነው፤ የበላችው አረንጓዴ ነገር በአንጀቷ ሲሄድ ይታያል። ከጀርባዋ ልቧ ይመታል፣ ለመቁጠር ፋታ አይሰጥም። ይህችን ፍጡር ከመማሪያ መጽሐፉ እያየሁ በጠመኔ ስዬአት አውቃለሁ፤ የሥዕሉ ልብ ግን አይመታም።

«ምነው? አንቺ ዝም የምትይ ሰው ነሽ?» አሉ እማማ፤ ገፋ አድርገውኝ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ጎነበሱ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ይቺ የምትርገበገበው ምንድን ናት?»

«ልቧ ናት።»

«ልቧ! ከኋላዋ ያሉትሳ?»

«ልጆቿ። ጀርባዋ ውስጥ ትሸከማቸዋለች፣ ሲደርሱ ትለቃቸዋለች።»

ቀና ብለው አማተቡ። «ከብዳለች በይኛ!»

«አዎ። ዳፍኒያ ይሏታል። ደም አትመጥም፣ እንዲያውም ውሃውን...»

«ቆይ፣ ስብከቱን ለሰኞ አቆይው።» እንደገና ጎነበሱ። «ይቺኛዋስ? እንደ ገበያ አህያ በግራ በቀኝ ተጭናለች!»

አየሁ። ጅራቷ ሥር ሁለት ከረጢት እንቁላል አንጠልጥላ የምትስፈነጠር ሌላ ፍጡር ነበረች። በአንዲት ጠብታ ይህ ሁሉ ካለ፣ በኩሬው ስንት ልብ ይመታል? ቀና ብዬ ኩሬውን ሳየው የማላውቀው አገር መሰለኝ።

«ታዲያ አልቅት የለም?» አሉ እማማ።

«ባየናት ጠብታ የለም። በኩሬው ሁሉ የለም ብዬ ግን አልምልም።»

ባልዲውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። በእኛ ዘንድ ያረገዘ ከብት አይታረድም፤ ሳያውቅ ያረደ ሰው እንኳ ሲጸጽተው ይኖራል።

«የከበደ ነገር አፈር ላይ አልደፋም» አሉ በመጨረሻ። «ላሜንም ለአልቅት አልሰጥም።»

ያረጀ ነጠላ አምጥተው ደርበው በባልዲው አፍ ላይ ወጠሩና እንድቀዳ አዘዙኝ። ለላሚቱ የሚሆነው ንጹሕ ውሃ ወደ ባልዲው ወረደ፤ ነጠላው ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ቀርተው ተፈራገጡ።

«ቶሎ በይ፣ ሳይደርቁ!»

ነጠላውን ገልብጠው ኩሬው ውስጥ ቀስ አድርገው አለቀለቁት። ከዚያ አውጥተው ወደ ብርሃኑ ዘረጉትና ዓይናቸውን አጥብበው መረመሩት።

«አንዷ ቀርታለች» አሉና መልሰው ነከሩት።