ጩኸት ላይ የተጫነ ሙዚቃ

ፊልም መጽሐፍን አያበላሽም። «መጽሐፉን አበላሹት» እያለ ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ሰው፣ እኔ እንደታዘብሁት፣ ወይ መጽሐፉን አላነበበውም ወይ በተማሪነቱ ለፈተና አንብቦ ረስቶታል። ፊልም መጽሐፉ በጥሩ አማርኛ ሸፍኖ ያሳለፈውን ነገር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ጸሐፊ «ወሰዷት» ብሎ አራት ነጥብ ካኖረ በኋላ አዲስ ምዕራፍ መጀመር ይችላል። ካሜራ ይህን አይችልም። ለካሜራ የሆነ ሰው እጁን የሆነ ቦታ ላይ ማሳረፍ አለበት።

ይህን የተማርሁት ደብረ ታቦር ላይ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ዳይሬክተር የቆየ ልብወለድ ወደ ዘመናዊ የፍቅር ፊልም ሊለውጥ ተነሳና የአገሩን አነጋገር የሚያውቅ ጸሐፊ ፈልጎ እኔን ቀጠረ። የመጽሐፉን ስም አልጠራም። «ታላቁ የፍቅር ታሪካችን» ሲባል የኖረ ነው። የባላባት ልጅ አንዲት ኮረዳ ከምንጭ መንገድ ላይ ይጠልፋል፤ ወንድሞቿ ያሳድዱታል፤ ደም ይፈሳል፤ በዚህ መሀል ልጅቱ ትወደዋለች። መቼ እንደወደደችው አይነገርም። አንዱ ምዕራፍ ሲዘጋ ከእሱ አስጥሉኝ ብላ ትጮኻለች፤ ቀጣዩ ሲከፈት ለእሱ ታለቅሳለች።

የዳይሬክተሩ ዘመናዊነት ቀላል ነበር። የባላባቱ ልጅ መሐንዲስ ሆነ፤ ኮረዳዋ ለእረፍት ቤተሰቦቿ ዘንድ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነች። ጠለፋው ግን ከነፈረሱ እንዳለ ተቀመጠ።

«መሐንዲስ ሰው በፈረስ የሚጠልፈው መኪና ስለሌለው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ፈረስ ለካሜራ ያምራል። ባህላችንንም እናሳይበታለን።»

«ባህልህ የእስር ቤት በር ላይ ያደርስሃል።»

«እሷ እኮ ትወደዋለች። ፈረሱ ላይ ሆና ዞር ትልና ፈገግ ትላለች። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሁሉ ነገር ይገባዋል።»

እኔ በጻፍሁት ድርሰት ላይ ፈገግታ አልነበረም። እሱ ነው የጨመረው።

የልጅቱን እናት የሚጫወት የአገር ሰው ሲያፈላልግ ታላቅ እህቴን ገበያ ላይ አያት። እህቴ ገብስና ባቄላ ነጋዴ ናት። ፊቷን ወደደው፤ ያ ፊት እንዴት እንደተሠራ ግን አልጠየቀም። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ ከእብናት ገበያ ስትመለስ ጠልፈዋታል። የፊት ጥርሷ ያን ቀን ኮርቻ ላይ ተሰበረ። ከጠለፋት ሰው ጋር ብዙ ዓመት ኖረች፣ ወለደችለት፣ ቀበረችው። በቀብሩ ላይ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ያዩ ሰዎችም «ለካ ትወደው ነበር» እያሉ ሄዱ። ልብወለዱን የጻፈው ሰው እንዲህ ካለ ቀብር ላይ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው የሄደ ይመስለኛል።

የልብወለዱን ታሪክ ስነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«የጻፈው ጠላፊ ነው ወይስ የጠላፊ ሚዜ?» አለችኝ።

«እታለም፣ ጸሐፊ ነው።»

«እንግዲያ ሚዜ ነው።»

የሆነ ሆኖ ለመጫወት እሺ አለች። ዳይሬክተሩን እኔ ባለሁበት አስቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ልጅቱ አትስቅም።»

«እማማ፣ ፈገግታ ነው እንጂ ሳቅ አይደለም።»

«ጥርስ ከታየ ሳቅ ነው። እኔ ያን ጊዜ የተሰበረ ጥርሴን በምላሴ ስፈልግ ነበር።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ብቻውን እንደሆነ ሲያይ ተወው።

«ይህን ፊልም የልጅ ልጆቼ ያዩታል» አለችው። «ከተማው ሁሉ እኔ ተጠልፌ እንደሄድሁ ያውቃል። ‹አያታችን ስቃ ነው የሄደች› እንዲሉ አልፈልግም። በል ማልልኝ።»

«እሺ፣ እግዜር ይመስክር። አትስቅም።»

ቀረጻው ጉና ግርጌ፣ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም የቆመበት ሜዳ ላይ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ይመጣል ይሄዳል። ጠላፊ ሆነው የተቀጠሩት ፈረስ ያላቸው የአገር ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ሪዙ የሸበተ ሰው ነው፤ በጎረምሳነቱ ለጓደኞቹ የጠለፈላቸውን ሴቶች ታሪክ የታደመበትን ሠርግ እንደሚያወራ ሰው ያወራል። ዳይሬክተሩ ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ትእዛዝ ሰጣቸው። አንደኛው «እውነት ይምሰል» ነው። ሁለተኛው «ከኋላችሁ ምንም ነገር ብትሰሙ ወደ ካሜራው እንዳትዞሩ» ነው።

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእነሱ አዲስ ትእዛዝ አልነበረም። ጠላፊ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ጩኸት በሰማ ቁጥር ፈረሱን ይኮለኩላል። ጩኸቱ ደግሞ የሥራው አንድ ክፍል ነው። የተጠለፈች ልጅ ካልጮኸች ለቤተሰቦቿ ነውር ነበርና የምትወደውም የምትጠላውም እኩል ትጮኻለች ይባል ነበር። በዚህ ምክንያት የየትኛዋ ጩኸት የእውነት እንደሆነ ለመለየት የሞከረ ወንድ አልነበረም። ዳይሬክተሩ «ከት» ካለ ማቆም እንዳለባቸው ነግሯቸዋል። ቃሉ የሚመጣው ግን ከኋላ ነው።

ልጅቱን የምትጫወተው ተዋናይት ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ሰዎቹ ከጉሙ ወጡ። አንዱ ጋቢ ራሷ ላይ ጣለ፤ ሌላው እግሯን አነሳ፤ አለቃው ከፈረሱ ጎንበስ ብሎ ክንዷን ያዘና ወደ ላይ ጎተተ። ክንዷ ወደ አንድ በኩል ሄደ፣ ገላዋ ወደ ሌላ። ከቆምሁበት ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ እርጥብ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ «ተዉኝ! ተዉኝ!» እያለች እኔ የጻፍሁላትን ስትጮህ ነበር። ከዚያም በኋላ ቃሉ ያው ነበር። ድምፁ ግን የሰው ድምፅ መሆኑን ተወ። ኮርቻው ላይ በሆዷ ጣሏት፤ አፏ ከኮርቻው እንጨት ጋር ተጋጨና ነጩ ጋቢ ቀላ። አለቃው ፈረሱን ኮለኮለው።

ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር። «ከት» ያለው እኔ አንገትጌውን ይዤ ካናወጥሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈረሶቹ ሩቅ ናቸው። ከኋላቸው የሚጮህ ወንድ ሰሙ፤ በእነሱ ሥራ ከኋላ የሚጮህ ወንድ የልጅቱ ወንድም ነው። ይበልጥ ጋለቡ።

የእህቴ ድርሻ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ መውደቅ ነበር። አልወደቀችም። ድንጋይ አነሳችና መንገዱ በሚዞርበት በኩል ቆርጣ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ትሮጣለች ብሎ የገመተ አልነበረም። ፈረሱ ፈፋው ላይ ሲያመነታ ደረሰችበትና አለቃውን ግንባሩን በድንጋዩ መታችው። ደገመችው። ደሙ ዓይኑን ጋረደው፤ ልጅቱን ግን አልለቀቀም፤ ጥሩ ጠላፊ አይለቅም። እህቴ እጁን በቀሩት ጥርሶቿ ነከሰችው። ጣቱን ሳይሆን እጁን፣ አጥንቱ ድረስ። ያን ጊዜ ለቀቀ፤ ልጅቱም ድንጋዩ ላይ ወደቀች።

ካሜራው አሁንም ይቀርጻል።

ስደርስ አለቃው ግንባሩን በጋቢው ጫፍ ይዞ ተቀምጧል። አልተቆጣም። ሰው ሁሉ ለምን እንደሚሯሯጥ አልገባውም።

«አያ፣ ተዉኝ ስትል አልሰሙም?» አልሁት።

«ሰምቻለሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ተዉኝ የማትል የት አገር አለች? እኔ ተዉኝ ያላለች ጠልፌ አላውቅም።»

«ደግሞ እሷ አርቲስት ናት» ብሎ ከጓደኞቹ አንዱ አገዘው። «ደህና አድርጋ ጮኸች ብለን ነው።»

«ይችስ ሴትዮ? ድንጋይ ስታነሳም ፊልም መሰላችሁ?»

አለቃው ትንሽ አሰበ። «እናት ሆና አይደል የምትጫወተው? እናት ትማታለች። በደህናው ጊዜም ይመቱን ነበር።»

እህቴ የልጅቱን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ደሟን ትጠርጋለች። ቀና ሳትል «የእኔ እናት አልደረሰችልኝም» አለች።

ልጅቱን ሆስፒታል ወሰድናት። ትከሻዋ ወልቋል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። መኪናው በጎረበጠ ቁጥር የእህቴን እጅ ትጨብጣለች።

«እማማ፣ ካሜራው አላቆመም» አለቻት።

«አይቻለሁ ልጄ።»

«ያንን እንዳያሳዩት። ሌላውን ይውሰዱት። ያንን ግን ሰው እንዳያይብኝ።»

«ማንም አያየውም» አለች እህቴ።

ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄድን። ዳይሬክተሩና ባልደረቦቹ ምሳቸውን አቅርበው ምስሉን እየመላለሱ ያያሉ። አንዱ «የሚዘገንን ነው» ይላል፣ ደስ እንዳለው ሰው።

«አጥፋው» አለችው እህቴ።

«እማማ፣ ልጅቱ ትድናለች። ይህ ግን ሁለተኛ አይገኝም።»

«ልጅቱ ናት አጥፉት ያለች።»

«ውል ፈርማለች። የተቀረጸው የእኛ ነው።»

«አንተም ለእኔ ምለህ ነበር።»

«አትስቅም አይደል ያልሁት? ይኸው፣ የት ሳቀች?»

እህቴ በጥፊ አጮለችው። መነጽሩ ሽሮው ውስጥ ወደቀ። እኔ ካሜራውን ልነጥቅ ስጠጋ ሁለት ጎረምሶች ወለሉ ላይ ጥለው ጎድኔን ረገጡኝ። በዕድሜዬ ብዙ ጠብ አንብቤያለሁ፤ ባለታሪኩ መሬት ላይ ሆኖ ሲረገጥ ስለ እናት አገሩ ወይም ስለ ልጅነቱ ያስባል። ውሸት ነው። ሰው ሲረገጥ የሚያስበው የሚረግጠውን ጫማ ነው። ጫማው ባለ ወፍራም ሶል ነበር።

ፖሊስ ዘንድ ሄድን። መዝጋቢው «ማን ማንን መታ?» ሲል ጠየቀ። በጥያቄው መሠረት የተፈነከተው ጠላፊው፣ በጥፊ የተመታው ዳይሬክተሩ፣ የመታችው እህቴ ሆነች። ልጅቱስ? ልጅቱ ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ናት።

ፊልሙ ወጣ። አዲስ አበባ ሄጄ አየሁት። ጉሙ ይመጣል፣ ፈረሶቹ ይወጣሉ፣ ያ ጩኸት ይሰማል። ራሱ ነው፤ ክንዷ ሲወልቅ የጮኸችው። ጥቂት ካሰሙን በኋላ ዋሽንትና ፒያኖ ጫኑበት፤ ጩኸቱ ከሙዚቃው ሥር እየሳሳ ሄዶ ዘፈን መሰለ። እህቴ ከነድንጋይዋ ተቆርጣ ወጥታለች። ከዚያ ስክሪኑን የልጅቱ ፊት ሞላው፤ ከጀርባዋ ጉም፣ ፀጉሯን ንፋስ እያነሳው። ዞር አለችና ፈገግ አለች። ጥርሷ ታየ።

ያቺን ፈገግታ አወቅኋት። ከጠለፋው በፊት በነበረው ቀን፣ ምሳ ላይ የተቀረጸች ናት። እህቴ ስለ አንድ ቄስና በወንዝ መሀል አልሄድም ስላለች በቅሏቸው አንድ የማይጻፍ ጨዋታ ነግራት ነበር። ቀራጩ ሥራ ፈትቶ ካሜራውን ወደ እነሱ አዙሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ሁለቱን ገጠማቸው፤ ጩኸቱን ከአንዱ ቀን፣ ሳቁን ከሌላው። መሐላውንም በራሱ ሂሳብ አላፈረሰም፤ ፈረሱ ላይ አልሳቀችምና። አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊቴ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ተቃቀፉ። በኋላ የተናገሩ ሁሉ የልጅቱን ትወና «ተፈጥሯዊ» አሉት።

መጽሐፉም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጩኸትና ሳቅ ከተለያየ ቦታ አምጥቶ አጠገብ ለአጠገብ ማኖር። ዳይሬክተሩ ለመጽሐፉ ታማኝ ነበር፤ ከዚህ በላይ ታማኝ የሆነ ፊልም አላየሁም።

የሳቁን ነገር ለእህቴ አልነገርኋትም ነበር። አዲስ አበባ ልጇን ጠይቃ ስትመለስ፣ ባሕር ዳርን እንዳለፉ፣ የአውቶቡሱ ረዳት ፊልሙን ከፈተው። ከፊቷ ያለው መቀመጫ ስክሪኑን ጋርዶባት መጀመሪያ ጩኸቱን ብቻ ሰማች። ቀና ስትል ሳቁ ደረሰ።

«ዝጋው» አለችው ረዳቱን።

«እማማ፣ ዋናው ቦታ ደረሰ እኮ» አለ አንድ ተሳፋሪ። «ፍቅር ነው፣ አይደንግጡ።»

«ያሳቅኋት እኔ ነኝ። ያቺ የምትጮኸው ክንዷ ወልቆ ነው።»

«ምስኪን፣ አእምሯቸውን ነው» አለች አንዲት ሴት ቆሎዋን እየቆረጠመች።

እህቴ ጫማዋን አውልቃ ስክሪኑን እስኪሰነጠቅ ደበደበችው። ሾፌሩ ሐሙሲት ላይ አቆመ። ሁለት ወንዶች በክንዶቿ ይዘው እየጎተቱ አወረዷት፤ «ተዉኝ» ብላለች፤ አልተዉአትም። ዘንቢሏን በመስኮት ወረወሩላት። ገበያተኛው ቆሞ አየ። ከዚያ ሆና ደወለችልኝ።

«እያዩት ቆሎ ይበላሉ» አለችኝ። አላለቀሰችም። «ፈረሱ ላይ እንዳልሳቀች አያውቁም። አንተ የሚነበብ ነገር ትጽፍ የለ? ንገራቸው።»

ይኸው ነገርኋችሁ። ፊልሙ አሁንም በየአውቶቡሱ ይታያል። ከጉም ውስጥ የሚወጣ ፈረስና በደም የቀላ ነጭ ጋቢ ካያችሁ እሱ ነው። ተነሱና አስጠፉት። ረዳቱ እምቢ ካላችሁ ውረዱ።