የግራ በኩል ሰላምታ

በሱሆቪኒ፣ በፖላንድ በሚኖሩ ሙስሊም ታታሮች መንደር፣ በእንጨቱ መስጊድ የሚሰግዱት ሽማግሌው ጀሚል ብቻ ናቸው። ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቷል፤ ሁሌ በግራቸው ይሰግድ የነበረው ጓደኛቸው ሱሌይማንም ከሞተ ቆየ። ሱሌይማን ቀልደኛ ነበር። ጀሚል ሶላቱን ሲጨርሱ ወደ ግራ ዞረው «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉ፣ «ወዐለይኩም ሰላም! ዛሬም ነጭ ሽንኩርት በላህ?» ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ጎብኚ ሴትዮ መስጊዱን ልታይ ገብታ፣ በግራቸው ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ጀሚል ሰግደው ሲጨርሱ እንደ ደንቡ ወደ ግራ ዞረው ሰላምታውን አሉ። ሴትዮዋ ለእሷ መሰላት።

«እግዜር ይመስገን፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ጀሚል ደማቸው ፈላ። «ለመላእክት ነው እንጂ ላንቺ አይደለም!» ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። ከግራቸው መልስ ከሰሙ ግን ቆይቷል፤ ከአፋቸው የወጣው ሌላ ነው።

«ምን ደህንነት አለ፣ እህቴ።»