በወንድሜ ደብተር ውስጥ ያለው ሰው

ወንድሜን በቀበርን ዕለት እናቴ ካፖርቱን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ብርድ ነበር፤ ክረምቱ ገና አልወጣም። ምንም አልመሰለኝም። ለቀስተኛው ሲበተን ግን አላወለቅኩትም። በማግስቱም አላወለቅኩትም። እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ባወልቀው ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ታጥቦ ለነፍስ አባት ይሰጣል፤ ከአርባው አያልፍም። ካፖርቱ ግን ቀድሞም የአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ ለነፍስ አባታችን መስጠቱን ትታ ወንድሜን አለበሰችው። ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበር። ካፖርቱን ለበሰ፣ እርፉን ያዘ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እሱ ስላረሰ ነው።

ማንበብ ግን አልተወም። ከደብረ ማርቆስ ተውሼ የማመጣውን ልብ ወለድ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን ስለ ገጸ ባሕርያት ሲያስተምሩን፣ ዋናው ሰው የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እኔ ማነኝ ብሎ ራሱን በመጠየቁ ነው አሉ። ሌሎቹ ደራሲው ካስቀመጣቸው ቦታ አይነሱም፤ መልእክት አድርሰው ይጠፋሉ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው በሬዎቹን እየፈታ ነበር። ሳቀብኝ።

«በል አንተ ዋናው ሰው ሁን» አለኝ። «መልእክቱን እኔ አደርሳለሁ።»

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገባሁ። ማለቴ፣ ስሜ ወጣ። ምዝገባው የሚዘጋው ከአርባው ቀጥሎ ባለው ዓርብ ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች። ስለ ምዝገባው አንድም ቀን አላነሳችም።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ለተዝካሩ ጌሾ ልገዛ ደምበጫ ገበያ ወረድኩ። አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላዬ ጮኾ ጠራኝ።

«አንተ ሰው፣ ምነው ጠፋህ? ሚስት አግብተህ ደበቅኸን እንዴ?»

ዞርኩ። የማላውቀው ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው ወንድሜን ነው፤ መልካችን ይመሳሰላል፤ ካፖርቱም አለ። መሞቱን አልሰማም። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩት።

«በሬውስ ዳነ?»

«ዳነ።»

እሰይ ብሎ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ አይደለም። ያን ጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሰው እንደ ደኅና ሰው ያነጋገረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያነጋገረው ግን እኔን አይደለም።

በነጋታው የወንድሜን ሳጥን ከፈትኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ከሥር አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አገኘሁ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ልብ ወለድ ጀምሮ ኖሯል። ዋናው ሰው ስም የለውም። በሞተ አባቱ ልብስ ያርሳል፤ ማታ ማታ መጽሐፍ እየገለጠ እሱን የሚመስል ሰው ይፈልጋል። አያገኝም። በመጻሕፍቱ ያሉት ወይ አገራቸውን ጥለው ሄደዋል፣ ወይ አገራቸውን ይወዳሉ። መሄድ እየፈለገ የሚያርስ የለም። በመጨረሻው ገጽ ሰውየው እናቱ ፊት ይቆማል። «እማ፣ እኔን ስታይ ማንን ነው የምታይው?» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። የቀረው ደብተር ሁሉ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ሞት ቀደመው ብዬ አለቀስኩ። በኋላ ቀለሙን አየሁት። የደበዘዘ፣ የቆየ ቀለም ነው። ጊዜ አላጣም። መልሱን ስላልሰማ ነው መጻፍ ያቆመው። እናታችንን አልጠየቃትም ማለት ነው።

እኔ ጠየቅኳት። አርባው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ደጃፍ ላይ የዘር ሽምብራ እየለቀመች ሳለ፣ ካፖርቱን አውልቄ አጠገቧ አስቀመጥኩና ያንኑ ቃል ጠየቅኳት። እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም።

«አንተን ነዋ» አለች። «ወንድምህ መስለኸኝ ያለበስኩህ መሰለህ? ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ። አንተ እጅህ ለእርፍ አልተፈጠረም፤ ይህንንም አውቃለሁ።»

መሬቱን ለእኩል እንስጠው አልኳት። ግማሽ ምርት አያኖረንም አለች፤ በጎተራ የነበረው ለተዝካሩ ወጥቷል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዋልካው መሬት ከደረቀ ሽምብራ አይዝም። የሚያርስልኝን ሰው ንገረኝና ሂድ።»

የምነግራት ሰው አልነበረኝም።

ባነበብኳቸው መጻሕፍት ሰው ራሱን ሲያውቅ አንድ ነገር ይለወጥለታል። እኔም የታሰርኩት እናቴ ከሟች ጋር ስላምታታችኝ መስሎኝ ነበር። አላምታታችኝም። ማን እንደሆንኩ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። መሬቱ ግን መታረስ አለበት።

አርባው ዋለ። ካፖርቱን ለነፍስ አባታችን ሰጠናቸው። የአባታችሁም ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ ብለው መረቁን። ሰኞ በሹራቤ ወጥቼ በሬዎቹን ጠመድኩ። ድምፄን ስላልለመዱት በየትልሙ ጫፍ ይቆማሉ። ዓርብ፣ የምዝገባው ቢሮ በሚዘጋበት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ትልም ቀርቶኝ ነበር። ጨርሼ ስገባ መዳፌ ተልጦ ደም ይዟል። እናቴ ቅቤ ቀባችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት።

«ለከርሞ ትለምደዋለህ» አለችኝ።