የጋሽ ሞላ ዲኤክስና የኋላ መስታወቷ

ዛሬ ጠዋት አያቴ ስልኩን ዘግተው «ሞላን ትንሽ አሞታል» አሉኝ።

በኛ አገር ሽማግሌ፣ ሰው እውነት ትንሽ ሲያመው «አለቀለት» ይላል። «ትንሽ አሞታል» የሚባለው ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ወዲያው ገባኝ። ማመን ግን እንቢ አለኝ። ትናንት እኮ የመኪናቸውን ኮፈን ከፍተው ሞተሯን እንደ ልጅ ሲቆጧት አይቻቸዋለሁ! ሌሊት በእንቅልፋቸው ነው አሉ።

ከፍኖተ ሰላም ውጭ ላላችሁ ጓደኞቼ፦ ጋሽ ሞላ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰው ሁሉ በሬ ወይም ወፍጮ ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ ከባሕር ዳር አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ይዘው መጡ። ይዘው ስል፣ አስጎትተው። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። ላሜራዋ በዝገት ተበልቶ ነበር፤ ከመቀመጫዋ ሥር የዶሮ ላባ ወጥቷል።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ቸርኬዋን ቀየሩ። ጭስ ማውጫዋን ቀየሩና ስትነሳ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳ ጀመር። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ አስቀቧት። በመጨረሻም እንደ ወጣቶቹ መኪና ዝቅ እንድትል ሞላዋን አስቆረጡ። ጋራዥ ውስጥ መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ሽቦ «ሞላ» ነው የሚባለው፤ ከተማው «ሞላ ሞላን አስቆረጠ» እያለ ስንት ጊዜ ሳቀ።

አንድ ቀን ቡሬ ላይ አንድ እህል ነጋዴ ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

«አትጭንም» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ታምራለች።»

ሰውየው ጎማዋን በእግሩ መታ። (መኪና የማያውቅ ትልቅ ሰው ሁሉ ለምን ጎማ እንደሚመታ የሚነግረኝ አለ?)

ያንን መልስ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እኛ ጋ ነገር ሁሉ ወይ ይታረስበታል፣ ወይ ይታለባል፣ ወይ ይሸጣል። ስላማረ ብቻ አንድን ነገር መውደድ እንደሚቻል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ዲኤክሷ ከላይ ስፖርት፣ ከውስጥ ጡረታ ናት። ሞተሯ ያው የድሮው ነው፤ እዚሁ ቅርብ ማንኩሳ ሳትደርስ ጋሪ ሊቀድማት ይችላል። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር እንዳይናደድ ብለው የኋላ መስታወቷ ላይ በትልቁ አስጻፉ፦ «እባክዎ ይለፉ»።

ጎጃም ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል ማን አይቶ! «ይለፉ»፣ ቀድመው ይሂዱ። «ይለፉ»፣ ይሙቱ። ያውም በ«እርስዎ»፣ ያውም በ«እባክዎ»! ሽማግሌዎቻችን መስታወቱ ሥር ቆመው እንደ ቅኔ ይፈቱት ጀመር። እያንዳንዳቸው የተሰደቡት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ እርግጠኛ ነበሩ።

ከሁሉም የባሰባቸው አያቴ ናቸው። ሁለቱ በልጅነታቸው ቋሪት አንድ መምህር ሥር ቅኔ የቆጠሩ ጓደኞች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አያቴን ቡሬ ገበያ የሚወስዷቸውም ጋሽ ሞላ ነበሩ። ጽሑፉ የወጣው ግን አያቴ በልብ ሕመም ተኝተው ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ሆነና «ሞት እንቢ ሲለኝ ሞላ ለመነልኝ» ብለው አኮረፉ።

ከዚያ በኋላ በሚኒባስ መሄድ ጀመሩ። ሚኒባሱ ደግሞ መንገድ ላይ ዲኤክሷን መድረሱ አይቀርም። አያቴ በመስኮት ያንኑ ጽሑፍ እያነበቡ ያልፋሉ፤ ጋሽ ሞላ በክላክስ ሰላም ይሏቸዋል፤ አያቴ ፊታቸውን ወደ በቆሎው ማሳ ያዞራሉ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሳቄን በሻርፔ አፍናለሁ።

ሽማግሌ ተላከ። «ፋቀው» አሏቸው። አልፋቁም። «እሺ ምን ማለትህ ነው?» ቢሏቸውም አልተናገሩም። ሲቸግረኝ እኔው ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ሞላ፣ እውነት አያቴን ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ሰሙ ለሹፌር ነው።»

«ወርቁስ?»

«ወርቁን የደረሰበት ይውሰደው።»

ሁለቱ እስከ ትናንት ድረስ አልታረቁም።

ዛሬ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ስንደርስ የጋሽ ሞላ አማች፣ የልጃቸው ባል፣ ሙቅ ውሃና ምላጭ ይዞ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኳል። ነገ ዲኤክሷ ከአስከሬኑ ፊት ልትሄድ ነው። «ለቀስተኛው ሁሉ "እባክዎ ይለፉ" እያነበበ ሊከተል?» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

አያቴ ከድንኳኑ ወጥተው መጡ። ራሳቸው ሊፍቁት መሰለን። መስታወቱ ፊት ቆሙ።

«ተወው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ነውር ነው እኮ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። እኔ ገና አልደረስኩበትም።»

አማቹ ምላጩን ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ሞላ፣ ነገ አያቴ እርስዎ አጠገብዎ ያስቀምጧቸው በነበረው የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ናቸው የጠየቁት። መኪናዋ ዝቅ ስላለች ለመግባት ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል፣ እሱንም በእርስዎ ያሳብባሉ። ይቻሏቸው። ያኮረፈ ሰው የሚያወራው ብዙ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ቅርብ ነው።

አይስጉ፣ ቀስ ብለን እንነዳለን። ደኅና ይሁኑ።